ቤቱ አልጠፋም

እንድሪስ ይመር ከብርድ ልብስ ፋብሪካው ሲወጣ እንደ ወትሮው «ወደ ቤት» አለ። ጆሮው ውስጥ የተሸጎጠችው መንገድ ጠቋሚ መሣሪያ፣ መሪ፣ ግን እንደ ወትሮው «እሺ፣ ወደ ግራ ይታጠፉ» አላለችውም።

«ወደ ቤት የሚወስድ መንገድ የለም» አለችው።

በደንብ ያልሰማችው መሰለው። ክረምት ነው። ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ደሴን ከነመብራቷ ውጧታል፤ አብረውት ከፋብሪካው የወጡት ሠራተኞች ጥቂት እርምጃ እንደሄዱ ይጠፋሉ። ድምፁን ከፍ አድርጎ ደገመላት።

«ወደ ቤት የሚወስድ መንገድ የለም። ወደ ሌላ ቦታ መሄድ ይፈልጋሉ?»

«ትናንት በየት ነው የወሰድሽኝ?»

«የትናንቱ መንገድ ዛሬ አያገለግልም።»

ይህ እንኳ እውነት ነው። መሪ አንድን ሰው በአንድ መንገድ ሁለት ቀን አትወስድም። ጎዳና እንዳይጨናነቅ ለእያንዳንዱ ነዋሪ በየቀኑ ሌላ መንገድ ይታደለዋል፤ አንድ ቀን በዳገቱ፣ አንድ ቀን በድልድዩ፣ አንድ ቀን ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያሳልፍ ቅያስ። የመንገድ ስም የተጻፈባቸው ሰሌዳዎች የሚያነባቸው ስለጠፋ ከተነቀሉ ቆይተዋል። አጥሩ ሁሉ ግራጫ ቆርቆሮ ነው፣ በሩም ሁሉ እንደዚያው። ሽማግሌዎች አሁንም «ቧንቧ ውሃ»፣ «ሸዋ በር» እያሉ የሰፈር ስም ይጠራሉ፤ ወዴት ነው ሲባሉ ግን እጃቸው አየር ላይ ይቀራል። እንድሪስ አሁን የሚኖርበት ቤት የገባው ልጁ ከመወለዷ በፊት ነው። ቤቱ የት እንደሆነ ግን አያውቅም። ማወቅ አስፈልጎትም አያውቅም።

በዚያችው መሪ ሚስቱ ሩቅያ ጋ ደወለ።

«የት ደረስክ?» አለችው። ከኋላዋ ልጃቸው ሒክማ ስትዘፍን ይሰማል።

«ፋብሪካው በር ላይ ነኝ። መሪዋ መንገድ የለም አለችኝ።»

«ዳቦ ይዘህ ና ብዬህ ነበር። ሰበብ አትፍጠር።»

«ሩቅያ፣ እየቀለድኩ አይደለም። ቤቱ የት ነው?»

«የቱ ቤት?»

«ቤታችን።»

ሳቀች። ሳቋ እየቀጠነ ሄዶ ቆመ። «እኔ ምን አውቃለሁ» አለች። «እዚሁ ነዋ። ውስጡ ነኝ።»

«እስቲ በመስኮት እዪ። ምን ይታይሻል?»

«ጉም።»

«ከጉሙ ወዲህስ?»

«አጥሩ። የጎረቤት የውሃ ታንከር። አንድ ባሕር ዛፍ።» ከዚያም፣ «ልምጣ? ወጥቼ መንገድ ላይ ልጠብቅህ?» አለች።

እሺ ሊላት ነበር። ወዲያው አንድ ሐሳብ መጣበት።

«መሪሽን ጠይቂያት። ባሌ አሁን ያለው የት ነው በያት።»

ሩቅያ ጠየቀች።

«ባለቤትዎ ያሉበት ቦታ የለም አለችኝ።»

«በይ ስሚኝ። ከደጅ እንዳትወጪ። አንቺም፣ ልጅቷም። ከወጣችሁ መመለሻ የላችሁም።»

«የጎረቤታችን ሴትዮ ጠዋት እህል ልታስፈጭ እንደወጣች አልተመለሰችም» አለች ሩቅያ ቀስ ብላ። «ባሏ ስሟን ሲጣራ ነው የዋለው። እኔ ተጣልተው መስሎኝ።»

እንድሪስ ያን ምሽት ፋብሪካው ጥበቃ ቤት አደረ። ጥበቃው ምንም አልጠየቀውም። ወንበር ለቀቀለትና እሱ ራሱ ወደ ጥግ ዞሮ «አልጋው ስር እይው፣ እዚያ ይሆናል» እያለ ለሰዓታት ከአንድ ሰው ጋር በሹክሹክታ ሲያወራ አመሸ። እሱም ቤቱ ያልገባ ሰው መሆኑን እንድሪስ የተረዳው ዘግይቶ ነው።

ጠዋት መሪዋ፣ መሪዎቹን የሚያስተዳድረው የምሪት አገልግሎት ቅርንጫፍ ድረስ ያለ ምንም ችግር አደረሰችው። አዳራሹ በሰው ተሞልቷል፤ ግን ጫጫታ የለም። ሁሉም አንገቱን ደፍቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ በመሪው ከቤቱ ጋር ያወራል። አንዱ «ግድግዳውን እስቲ አንኳኪው» ይላል። አንዲት ሴት «ልጁን ወደ መስኮቱ አቅርበው፣ ልጁን» ትላለች። ማንም ቀና ብሎ ሌላውን አያይም።

ተራው ሲደርስ ማኅደር የምትባል ወጣት ሠራተኛ ፈገግ ብላ ተቀበለችው።

«ቤቴ ከካርታው ተሰርዟል» አላት።

«አልተሰረዘም፣ ጋሼ። ካርታው ላይ አልነበረም።»

«ልጄ እኮ እዚያ ነው የተወለደችው!»

«እሱን አልካድኩም።» በእርግጥም አልካደችውም፤ ያዘነችለት ትመስላለች። «ቤቱ የት አካባቢ ነው?»

«እሱን እኮ ነው እኔ የምጠይቅሽ።»

«አካባቢው ካልታወቀ የትኛው ቅርንጫፍ እንደሚመለከተው መናገር አልችልም። አሁን ቤቱ ውስጥ ሰው አለ?»

«ሚስቴና ልጄ አሉ። ይኸው መስመር ላይ ናት፣ እየሰማችሽ ነው።»

የማኅደር ፊት በራ። «እንግዲያው ቤቱ አልጠፋም ማለት ነው። የጠፉት እርስዎ ነዎት። የጠፋ ሰው የሚስተናገደው ቀጥሎ ባለው ክፍል ነው።»

ቀጥሎ ባለው ክፍል ሻርፕ የጠመጠመ ወፍራም ሰውዬ ተቀምጧል።

«የጠፋው ማን ነው?»

«እኔ።»

ሰውዬው ከእግር እስከ ራሱ ካየው በኋላ ተነሥቶ እጁን ጨበጠው። «ይኸው ተገኝተዋል። እንኳን ደስ ያለዎት። ለተገኘ ሰው ቤት ይፈለግለታል፤ ደጅ ይጠብቁ።»

እንድሪስ ሳቁ መጣ። ከኋላው የቆመውን ሰው ዞር ብሎ አየው። ሰውዬው አልሳቀም። «እንኳን ደስ ያለህ» አለው ከልቡ። እንድሪስም ሳቁን ትቶ ደጅ ወጣ።

ከሰዓት በኋላ፣ ደጅ ቁጭ ብሎ ሳለ፣ መሪዋ ድንገት «ወደ ቤት የሚወስድ መንገድ ተገኝቷል» አለችው።

ሮጠ። «ሩቅያ! ተገኘ! እየመጣሁ ነው!» እሷም ማልቀስ ጀመረች፤ ሒክማ «አባዬ! አባዬ!» እያለች ስትዘል ይሰማዋል። ግራ ሲባል ግራ፣ ቀኝ ሲባል ቀኝ ታጠፈ። ዳገት ወጣ፣ በቅያስ ሾለከ። በመጨረሻ አንድ ግራጫ በር ፊት ለፊት ሲደርስ መሪዋ «ቤትዎ ደርሰዋል» አለችው። በሩን በቡጢ ደበደበው።

«የት ደረስክ?» አለች ሩቅያ።

«በሩ ላይ ነኝ። እያንኳኳሁ ነው!»

«እዚህ የሚያንኳኳ የለም።»

እንደገና ደበደበ። «አሁንስ?»

«እንድሪስ» አለች ሩቅያ፤ ድምፅዋ ሊጠፋ ደርሷል። «እዚህ ማንም የለም።»

በሩ ተከፈተ። እጇ በውሃ የረጠበ፣ ከሩቅያ በዕድሜ የምትበልጥ ሴት ብቅ አለች። ፊቱን ብዙ ጊዜ ወስዳ አየችው።

«አንተ አይደለህም» አለች።

«ማንን ነው የምትጠብቂው፣ እህቴ?»

«ባሌን። መሪዬ ባለቤትዎ በር ላይ ናቸው ስትለኝ ነው ሮጬ የመጣሁት። ደምሰው ይባላል። ረጅም ነው፣ ዳቦ ቤት ነው የሚሠራው። አላየኸውም?»

«አላየሁትም።»

ሴትዮዋ በትከሻው አሻግራ ጉሙን አየች። ከዚያ ከበሩ ፈቀቅ አለችለት። «ግባ።»

«ቤቴ እኮ አይደለም።»

«አውቃለሁ። አስካለ እባላለሁ፤ ስሜን እንኳ ሳታውቅ ቤትህ ሊሆን አይችልም። ግን ጠዋትም አንድ ሰው ልከውልኝ መልሼዋለሁ። አሁን አንተን ብመልስ ደግሞ ሌላ ይመጣል። መጨረሻ ላይ የሚመጣው ምን ዓይነት ሰው እንደሚሆን በምን አውቃለሁ? አንተ ፊትህ ክፉ አይመስልም። ግባና በሩን እንዝጋው።»

ከደጃፉ ወዲያ የወንድ ነጠላ ጫማ ጎን ለጎን ተቀምጧል። የሽንኩርት ቁሌት ሽታና ሙቀት ፊቱን ነካው። ከውስጥ የትንሽ ልጅ ድምፅ «አባባ ነው?» አለ። አስካለ አልመለሰችለትም። እንድሪስን ነበር የምታየው፤ መልሱን እሱ እንዲሰጥ እየጠበቀች ነበር።

እንድሪስ አንድ እግሩ ደጃፉን መሻገሩን ያወቀው ያን ጊዜ ነው። ደንግጦ መለሰው። እሱን ወደዚህ ከላኩት፣ ወደ ሩቅያስ ማንን ልከው ይሆን?

«ሩቅያ! ማንም ቢያንኳኳ እንዳትከፍቺ!»

«አሁን እያንኳኳ ነው» አለች በሹክሹክታ። «እኔ ነኝ፣ ደርሻለሁ ይላል። ስሜን ያውቃል። የሒክማንም ያውቃል።»

አስካለን ደህና ሁኚ እንኳ ሳይላት ተፈትልኮ ሄደ።

ወዴት እንደሚሄድ አያውቅም። ዝም ብሎ ዳገቱን ተያያዘው፤ ከመስኮታቸው ባሕር ዛፍ ይታያል፣ ባሕር ዛፍ ደግሞ ወደ ላይ ነው የሚበዛው ብሎ። «ድስት አውጪና ምቺ» አላት። «በመስኮት በኩል ኃይለኛ አድርገሽ ምቺ። ድምፁን ተከትዬ እመጣለሁ።» ሩቅያ መታች። ድስቱ ጆሮው ውስጥ ይጮኻል፤ ከጉሙ ውስጥ ግን ምንም አይሰማም። መሪዋ መናገሯን አላቆመችም። «መስመር ስተዋል። ወደ ቤትዎ ይመለሱ። ይመለሱ።» በወጣ ቁጥር ድምፅዋ እየጨመረ ሄደ፤ በኋላ እንደ ፉጨት ሆኖ የራስ ቅሉን ይሰነጥቀው ጀመር።

«ሩቅያ፣ መሪዋን ከጆሮዬ ላወጣት ነው።»

«እኔም እኮ አብሬ ልጠፋብህ ነው!»

«በገዛ ጆሮዬ እሰማሻለሁ። ስሜን ጥሪ። ምንም ቢፈጠር ስሜን ከመጥራት እንዳታቋርጪ።»

«ካልሰማኸኝስ?»

መሪዋን መንቅሮ አወጣና መንገድ ዳር ካለው የፍሳሽ ቱቦ ውስጥ ጣላት።

በመጀመሪያ የሰማው ዝምታ ነበር። ከልጅነቱ ጀምሮ ጆሮው ባዶ ሆኖ አያውቅም፤ ሚዛኑን ስቶ አጥሩን ያዘ። ቀስ በቀስ ዝምታው ሲገለጥለት ሌላ ነገር መጣ። ድስት ይመታል። አንድ ድስት አይደለም። ከላይ፣ ከታች፣ ከግራ፣ ከቀኝ፣ ተራራው ወገብ ላይ ያለው ሰፈር ሁሉ ድስት፣ ቆርቆሮ፣ በርሜል ይመታል። ከድስቱ መሀል ደግሞ ሰው ይጣራል። «ሰዓዳ!» «መኮንን!» «አባባ!» «ይርጋ ኧረ ይርጋ!» የማይጠራ ስም የለም። መንገደኞች ግን ጆሯቸውን ለመሪያቸው ሰጥተው፣ ምንም ሳይሰሙ፣ በመሀሉ ቀጥ ብለው ያልፋሉ።

እንድሪስ ቆሞ አዳመጠ። ስንት ቤት ነው የጠፋው? ከዚህ ሁሉ የእሱ የቱ ነው? በቆርቆሮው ላይ እጁን እየጎተተ ወጣ፤ ተንሸራተተ፣ ወደቀ፣ ተነሣ። ወደ አንዱ ድምፅ ሲቀርብ የሌላ ሰው ስም ይሆንበታል፤ ወደ ሌላው ይዞራል። መሸትሸት ሲል፣ ተስፋው ሊያልቅ ሲል፣ በስተቀኙ ቀጭን የሴት ድምፅ «እንድሪስ!» ብሎ ተጣራ።

«አቤት! አቤት! መጣሁ!»

እየተንደረደረ በር ገፍቶ ገባ። ግቢው ውስጥ በርጩማ ላይ የተቀመጠች አሮጊት የምትመታውን ሳህን ጥላ ተነሣች። ዓይኗ ደክሟል፤ ፊቱን በሁለት እጇ ይዛ ዳሰሰችው። እጇ አገጩ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«የኔ እንድሪስ ፂም አለው» አለች።

እንድሪስ እግሯ ስር ዘፍ ብሎ ተቀመጠና እንደ ልጅ አለቀሰ። አሮጊቷ እማማ ጦይባ ትባላለች። ልጇ መድኃኒት ሊገዛላት እንደወጣ አልተመለሰም። እሱ እስኪረጋጋ እጇን ራሱ ላይ አድርጋ ጠበቀችው።

«አንተም እንድሪስ ነህ?»

«አዎ፣ እማማ።»

«የማን?»

«የይመር።»

«የኔ የሐሰን ነው።» ጥቂት አሰበች። «ስማኝ ልጄ። እኔ ስጣራ ከላይ አንዲት ሴት ይህንኑ ስም ትጠራለች። መጀመሪያ የገደል ማሚቶ መስሎኝ ነበር። በኋላ ሳዳምጥ ድምፅዋ የወጣት ነው። ሚስት አለችህ?»

«አለችኝ!»

«እንግዲያው ዝም ልበልልህ፤ አድምጥ።»

ሁለቱም አዳመጡ። ከዚያ ሁሉ ጩኸት በላይ፣ ከሩቅ፣ ሻካራ የሆነ ድምፅ መጣ። «እንድሪስ!» ሩቅያ ናት።

«ተነሥ፣ ሩጥ» አለችው አሮጊቷ።

«ከእኔ ጋር ይምጡ፣ እማማ። አዝልዎታለሁ።»

«ልጄ መጥቶ ቤቱን ባዶ ያግኘው? ሂድ አልኩህ። እንዳላሳስትህ እስክትደርስ ዝም እልልሃለሁ።»

ወጣ። የሩቅያ ድምፅ ሲጠፋው ይቆማል፣ ሲመለስ ይራመዳል። የውሃ ታንከር አየ። ባሕር ዛፍ አየ። በሩን መታ፤ ጥሪው ቀጥ አለ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ ሩቅያ! ክፈቺ!»

«ሁሉም እንዲሁ ነው የሚሉት።» ድምፅዋ በሩ ስር ነው፣ የተለጠፈችበት ይመስላል። «ዛሬ የመጡት ሁሉ እኔ ነኝ ነው ያሉት።»

«ድምፄን ረሳሽው?»

«ድምፅህ እንዲህ አይደለም።» እውነቷን ነበር፤ ጩኸቱና ብርዱ ጉሮሮውን ዘግተውታል። የቤት ስሟን ሊነግራት፣ የተጋቡበትን ቀን ሊነግራት አሰበና ተወው። እስከ ዛሬ የተነጋገሩትን ሁሉ መሪዋ ስትሰማ ኖራለች፤ የሚያንኳኩት ሰዎችም ያንኑ ከእሷ ተቀብለው ነው የሚመጡት። መሬቱ ላይ ተኛና ክንዱን በበሩ ስር አሾለከው። የቀለበት ጣቱን ጫፍ ዱሮ የፋብሪካው መቁረጫ በልቶታል።

ከወዲያ ቀዝቃዛ ጣቶች እጁን ነኩት፣ የተቆረጠችዋን ጣት አገኟትና ጥብቅ አድርገው ያዟት። ሌሎች ትንንሽ ጣቶችም መጥተው ነካኩት።

«የአባዬ ነው» አለች ሒክማ።

በሩ ተከፈተ። ሩቅያ «አልሐምዱሊላህ» እያለች ትከሻውን፣ ፊቱን፣ የረጠበ ልብሱን በቡጢ መታችው። አስገብታ በሩን ቀረቀረች፤ ሳጥንም ጎትታ አስደገፈች። የተረፈ ንፍሮ ነበር፤ ሦስቱም ከአንድ ሳህን በሉ። ማንም ስለ ነገ አላነሣም።

ከታች «እንድሪስ!» የሚል ድምፅ መጣ።

«አባዬ፣ እየጠሩህ ነው» አለች ሒክማ።

«እኔን አይደለም።»

«እንድሪስ እኮ ነው የሚሉት።»

ለሩቅያ የሆነውን ሁሉ ነገራት። አሮጊቷ ለእሱ ብላ ዝም እንዳለች ሲነግራት ሩቅያ ማኘኳን አቆመች።

«ዝም ባለች ጊዜ ልጇ በደጇ አልፎ ቢሆንስ?» አለች።

እንድሪስም ያንኑ እያሰበ ነበር። «አቤት» የሚለው ቃል ምላሱ ላይ ነው። ቢመልስላት ልጇ የመጣ ይመስላትና ከቤት ትወጣለች። ባይመልስላት እንዲህ ስትጣራ ታድራለች። ሩቅያ እጇን ጉልበቱ ላይ አድርጋ ተጫነችው። አትሂድ አላለችውም፤ መጫኗን ግን አልተወችም።

እማማ ጦይባ ደጋግማ ተጣራች። ከዚያ ቆመች።

ሦስቱም ጠበቁ። የወንድ ድምፅ «አቤት» ይላት እንደሆነ፣ በር ይዘጋ እንደሆነ አዳመጡ። በሰፈሩ ሁሉ ድስት ይመታል። ከእማማ ጦይባ በኩል ግን ምንም የለም። ልጇ ገብቶላት ይሁን፣ እሷ ልትፈልገው ወጥታ ይሁን፣ የሚያውቁበት መንገድ አልነበረም።

«ዝም አሉ» አለች ሒክማ።

እንድሪስ የሩቅያን እጅ ከጉልበቱ ላይ ቀስ ብሎ አነሣና ሳጥኑን ገፋ። ሩቅያ ቀሚሷን ሰብስባ ተነሣች፣ ወገቡን በነጠላዋ አሰረችና ሌላውን ጫፍ በእጇ ጠመጠመች። እንድሪስ ከደጃፉ ሳይርቅ ጉሙ ውስጥ ቆመና ባለቀ ድምፁ መጣራት ጀመረ።

«እማማ ጦይባ! በዚህ በኩል! እማማ ጦይባ!»

የመለሰለት የለም። እሱም አላቆመም፤ ድምፁ ጨርሶ ሲዘጋ ሩቅያ ተቀበለችው።